መጮህ ያፈርኩበት በጋ

በእኛ አገር በበጋ ጭስ ማንንም አያስደነግጥም። ከጥር ጀምሮ ዝናቡ እስኪገባ ድረስ ከእንጅባራ ወጣ ሲሉ ኮረብታው ሁሉ ይጨሳል። ዲከረንስ የምንለው ዛፍ ይቆረጣል፤ ግንዱ ተከምሮ አፈር ይለብስና እሳት ይለኮስበታል፤ ከቀናት በኋላ ከሰል ይሆናል። የተረፈው ቅጠልና ጭራሮም መሬቱ ለጤፍ እንዲሆን ይቃጠላል። ጠዋት ጠዋት ጭሱ ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ ይጠብቀናል። ልብሳችን፣ ፀጉራችን፣ የምንጠጣው ውኃ ሳይቀር ጭስ ጭስ ይላል። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከቤት የተላከልኝ ዳቦ ቆሎ ሲፈታ የዶርም ልጆች «ቤታችሁ ተቃጥሎ ነው እንዴ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ስለዚህ እሳት ሲያመልጥ የሚያስታውቀን የሰው ድምፅ ነው። መጀመሪያ ያየው እሪ ይላል፤ የሰማው ይቀበለዋል፤ አገር ይወጣል። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በመጋቢት፣ ተመርቄ ሥራ ሳላገኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። አባቴ የለኮሰው ክምር ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። የዚያን ዕለት ቀብር ስለነበር ሰፈሩ በሙሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። አባቴ ከመውጣቱ በፊት አካፋውን አስጨብጦኝ፣ «ቀዳዳ ባየሽ ቁጥር አፈር አልብሺው። ነፋስ ከተነሳ ግን ዓይንሽን ከላዩ እንዳታነሺ» አለኝ።

ከእኛ ማሳ ቀጥሎ ያለው የዲከረንስ ደን የጎረቤታችን ነበር። አያ እያልን የምንጠራቸው፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ናቸው። ደረታቸውን ያማቸዋል። ሐኪም ከጭስ እንዲርቁ ነግሯቸዋል፤ ዳንግላ ያገባችው ልጃቸውም ኑ እያለች ትለምናቸዋለች። እሳቸው ግን «አማቼ ቤት ጥግ ይዤ አልቀመጥም» አሉ። ያን ዛፍ ሸጠው በልጃቸው ግቢ የራሳቸውን አንዲት ክፍል ሊሠሩ፣ ከዚያ ሊሄዱ ነበር። ዛፉ ደርሷል። ገዢው አይቶታል። ከፋሲካ በኋላ ሊቆረጥ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ ተነሳ። የክምሩ አንድ ጎን ሰመጠና ነበልባል ብቅ አለ። አፈር ደፋሁበት። በሌላ በኩል ተሰነጠቀ። ፍንጣሪው መሬት ላይ የተነጠፈው ደረቅ ቅጠል ላይ ሲያርፍ አየሁት፤ መጀመሪያ መዳፍ ቢያክል ነው። በቅርንጫፍ መታሁት። ጠፋ ስል ከጎኑ ተነሳ።

እሪ ማለት እንዳለብኝ አውቄአለሁ። አፌንም ከፍቻለሁ። ግን በሕይወቴ ጮኼ አላውቅም፤ ክፍል ውስጥ መምህር ሲጠይቀኝ እንኳ ድምፄን የምትሰማው አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ብቻ ነበረች። ቀብርተኛው በእኔ ጩኸት ሲበተን፣ ደርሶም እሳቱን ጠፍቶ ሲያገኘው፣ «የተማረችው ልጅ በጭስ ደነገጠች» ሲል ታየኝ። ስለዚህ ዝም ብዬ መምታቴን ቀጠልኩ። ብቻዬን እንደማላጠፋው ከገባኝ በኋላም ትንሽ መታሁ።

ከዚያ ወደ አያ ቤት ሄድኩ። ሮጥኩ ብል ደስ ባለኝ። እስከ አጥራቸው ድረስ ሮጫለሁ፤ አጥሩ ጋ ስደርስ ነጠላዬን አስተካክዬ በእርምጃ ገባሁ።

ቀብር ለመሄድ አቅም ስላልነበራቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸውም ደክሟል።

«ማነሽ? አንቺ ነሽ?» አሉኝ በአዊኛ።

«እኔ ነኝ አያ። እንዴት ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነሽ? እናትሽ ደህና ናት? ላሟ ወለደች?»

«ወልዳለች።»

«ምን ወለደች?»

«ሴት።»

«እሰይ! ሥራሽስ?»

«እየጠበቅኩ ነው።»

«ዲግሪሽን ክምሩ ውስጥ ጨምሪው፤ ከሰል ሆኖ አዲስ አበባ ይግባ!» ብለው ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነ። ሽማግሌ እያሳለ ማቋረጥ ነውር መስሎኝ ሳሉ እስኪያልፍ ቆምኩ።

«አያ» አልኩ በመጨረሻ፣ «እሳቱ ትንሽ አምልጦናል።»

«የት?»

«ወደ እርስዎ በኩል።»

ብድግ ሲሉ ጋቢያቸው ወደቀ። እሪ ያሉት እሳቸው ናቸው፣ በዚያ ደረታቸው። ሁለት ጊዜ ጮኹ፤ ሦስተኛው ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። ከወንዙ ማዶ አንዲት ሴት ተቀበለቻቸው፤ ከእሷ ሌላዋ ተቀበለች። ቀብርተኛው እስኪደርስ ግን የአያ ዛፍ ከዳር እስከ ዳር ነድዷል። የእኛም ክምርና የተረፈው ዛፋችን አለቀ። እሳቱ የቆመው መንገዱ ላይ ሲደርስ ነው።

በማግስቱ ሽማግሌ ተቀመጠ። አባቴ የሚከፍለው እንደሌለው ሁሉም ስለሚያውቅ፣ ችግኝ አፍልቶ በገዛ ጉልበቱ እንዲተክልላቸው ተወሰነ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞረና፣ «ልጅቱስ? እሳቱን ስታይ ምን አደረገች?» ብሎ ጠየቀ።

ቀና ሳልል አያ ቀደሙኝ። «ሮጣ መጣች እንጂ ምን ታድርግ! ትንፋሽ አጥሯት ነው የደረሰችው። ይህችን ልጅ አትንኩብኝ።»

አባቴ በኩራት አየኝ። እኔ ዝም አልኩ። ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ዝምታ ነው። ያኔ እሳትም ነፋስም አልነበረም፤ ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ።

አያ ዳንግላ አልሄዱም። አዲሱ ዛፍ እስኪደርስ አራት ዓመት ይፈልጋል። እኔ እንጅባራ ቢሮ ተቀጠርኩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት እመጣለሁ። በየበጋው ሳላቸው እየባሰ ሄዷል። ዘንድሮ ከደጃፋቸው አጥራቸው ድረስ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ። መድኃኒታቸውን ከከተማ ሳመጣላቸው «እንዳንቺ ያለ ልጅ ይብዛልን» ይሉኛል። በዚህ መጋቢት ምርቃቱን መቀበል አቃተኝ።

«አያ፣ ያን ቀን ሮጬ አልመጣሁም» አልኳቸው። «እሳቱን ገና መዳፍ ሲያክል አይቼዋለሁ። መጮህ አፍሬ ብቻዬን ስመታው ቆየሁ። እርስዎ ጋ መጥቼም ስለ ጥጃ አወራሁ።»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ማንን አፍረሽ ነው? ሰው እኮ አልነበረም።»

«አላውቅም።»

«ይህን ባውቅ ኖሮ ሮጣ መጣች አልልም ነበር» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አሁኑኑ ይሂዱ አያ። ክፍሏን ቀስ ብለን እንሠራታለን። እኔም አግዛለሁ።»

«በአንቺ ላብ የተሠራ ቤት ልገባ?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ዓመት ነው የቀረው።»

በትራቸውን ተደግፈው ወደ ዛፎቹ ወጡ። ተከተልኳቸው፤ አልከለከሉኝም፤ ክንዴን ስዘረጋላቸው ግን አልያዙትም። አንዱን ግንድ በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ጣቶቻቸው ተገናኝተው ተደራረቡ። ገና ቀጭን ነበር። እንደያዙት ማሳል ጀመሩ፤ ቅጠሉ በላያችን ተንቀጠቀጠ።