የተቆለፈ መስመር

ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። ወሎ ሰፈር ሬዲዮ እየጠገንኩ፣ አሮጌ መመሪያዎች እያገላበጥኩ ራሴን አስተማርኩ። ባለዲግሪዎች ያቃታቸውን ይዘው የሚመጡት እኔ ዘንድ ነበር። ዛሬ ይህን የሚያስታውስ የለም።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ የነበረ አንድ የእርዳታ ድርጅት ኢሜይል እንዳስገባለት ጠራኝ። የቢሮው ኮምፒውተሮች በአንድ ገመድ የተያያዙ ስለነበሩ አንዱ የላከውን ሌላው መንገድ ላይ ጠልፎ ማንበብ ይችላል። መከላከያው ፕሮግራሙ ውስጥ ያለች አንዲት ሳጥን ናት፤ እሷ ላይ ምልክት ሲደረግ ደብዳቤው ጠላፊ ሊፈታው ወደማይችል ጽሑፍ ተለውጦ ይሄዳል። ከቦሌ እስከ ሃያ ሁለት ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አላጋጠመኝም። የአማርኛ ስም ያወጣሁለትም እኔ ነኝ። በየኮምፒውተሩ ሳጥኗ ላይ ምልክት አደረግኩና ወረቀት ለጠፍኩ፦ «ሁልጊዜ በተቆለፈ መስመር ላኩ።»

ከወር በኋላ ፕሪንተር ልጠግን ስመለስ፣ ጸሐፊዋ ዕቃዋን ካርቶን ውስጥ ትከታለች። ለሌላ ድርጅት የሥራ ማመልከቻ በቢሮው ኢሜይል ልካ ኖሯል። አንድ ባልደረባዋ ጠልፎ ለሥራ አስኪያጁ አሳየ። እሳቸው እሷን አሰናበቱ፤ ወደዚያኛው ድርጅትም ደውለው «አትታመንም» አሉ። ሁለቱንም ሥራ አጣች።

«ምልክቱን አላደረግሽም?» አልኳት።

«አነሳሁት፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ስልክ በአገጯ አመለከተች። መደወያው ቀዳዳ ላይ ትንሽ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። «ይሄም የተቆለፈ መስመር ነው። ደውለውበት ያውቃሉ? ማመልከቻዬ እንዳይቀር ፈራሁ። ሁላችንም ነን ያነሳነው። ሂሳብ ሹሙማ ‹ሰውየው መስመራችንን ቆልፎብን ሄደ› እያሉ ሲያሙዎት ነው የከረሙት።»

«ብትጠይቂኝ ኖሮ አስረዳሽ ነበር።»

«እርስዎ ሲያስረዱ ማን ይጠይቃል?» አለችና ካርቶኑን ታቅፋ ደረጃውን ወረደች።

ያን ዕለት ወረቀቶቹን ሁሉ ቀድጄ በምትካቸው «ደብዳቤያችሁን ፖስታ ውስጥ አሽጋችሁ ላኩ፤ ሳጥኗ ፖስታችሁ ናት» ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ ሁሉም ምልክት አድርገዋል፤ ጠላፊውም ጭምር። ሥራ አስኪያጁ ቢሯቸው ጠርተው አመሰገኑኝ። እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ፖስታ የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያኔ ግን ለእኔ ዕውቀት የሚመጥን አልመሰለኝም ነበር።