የመቶ አለቃው ኮፍያ

ልጅ ሳለሁ፣ ቡሬ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ተገኘ ምሽት ምሽት ከእንጨት ሣጥናቸው አንድ የመኮንን ኮፍያ እያወጡ ተረት ይነግሩን ነበር። በወታደርነታቸው ዘመን የመኮንኖች ሾፌር ነበሩ፤ ጦሩ ከተበተነ ወዲህ ያረጀ ኮፍያ በሰሙበት ሁሉ፣ ዱርቤቴ ገበያም ሆነ ሰው ቆጥ ላይ፣ ሄደው ያመጣሉ። ያኔ መብራት ቶሎ ስለሚጠፋ፣ በፋኖስ ጭስ እያስነጠስን የፈሪውን ሻለቃና የሆዳሙን ሻምበል ጉድ እንሰማለን። ከተረቱ በፊት ግን ምርመራ አለ፤ የአርማውን ጥልፍ በጥፍራቸው ይዳስሳሉ፣ የውስጡን ቆዳ ገልብጠው የላቡን ወዝ ያያሉ፣ «ይኼ በእውነት ተደፍቷል» ይሉናል።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ከሊበን አንዲት ሴት መጡ። ባላቸው መቶ አለቃ ነበር፤ እንደዘመተ ቀረ፣ መርዶም አልመጣ።

«እንዲያው ኮፍያው እርስዎ ዘንድ ቢገኝ ብዬ ነው፣ ጋሼ። ይዤ የማለቅስበት እንኳ የለኝ» አሉ።

ጋሼ ተገኘ ሣጥኑን እንዳለ ዘረገፉላቸው። ሴትዮዋ ፍሙ አጠገብ ተቀምጠው እያነሱ፣ እያሸተቱ፣ እያስቀመጡ ቆዩና አንዱን ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

«ይኼ ነው! የሱ ነው!»

ጋሼ ተገኘ ተቀብለው አገላበጡት። ከግንባሩ በላይ ያለውን ወርቃማ ጥልፍ እኔም አየሁት፤ የከፍተኛ መኮንን ነው። እናቴ ከጓዳው በር ላይ ሆና ከንፈሯን ነክሳ ራሷን ነቀነቀች፤ እውነቱን አይንገሯት፣ ይተዉአት ማለቷ ነበር።

«እታለም፣ ይኼ የሻለቃ ነው» አሉ። «ቢሆንም ውሰጅው፤ አልቅሽበት።»

ሴትዮዋ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው መለሱላቸው።

«በሰው ባል አላለቅስም፣ ጋሼ። የሱም ሚስት ትፈልገው ይሆናል።»

እኛው ዘንድ አድረው በማግሥቱ ሄዱ። ጋሼ ተገኘ ከዚያ በኋላ በየገበያው የመቶ አለቃ ኮፍያ ሲያጠያይቁ ኖሩ። ጥቂት አግኝተውም ነበር፤ ሊበን ይዘው ለመሄድ ግን ወኔው አልነበራቸውም። «‘የሱ አይደለም’ ብላ ዳግመኛ ብትመልሰውስ?» ይሉ ነበር። እንዳመነቱ ሞቱ።

ጋሼ ለሴትዮዋ ቢዋሹላቸው ይሻል ነበር ወይ? ዛሬ የጋሼ ዕድሜ ላይ ደርሼም አላውቀውም። ሴትዮዋ ልቅሶ ይቀመጡ አይቀመጡ አልሰማሁም። ከተረቶቹ ብዙው ጠፍቶብኛል፤ የማይጠፋብኝ ሁለቱ ፍሙ ዳር ያሉበት ያ ምሽት ነው፤ አንዱ የሚሰጠው አጥቶ፣ አንዷ የምትቀበለው አጥታ።