በመንገድ መሪው ላይ ያነበብሁት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም፤ ባሌም ሳያውቀው ሞተ። አሁን የምጽፈው ከብዶኝ አይደለም፤ ለምጄዋለሁ። የምጽፈው፣ ከእኔ በቀር እውነቱን የሚያውቅ ሰው በሕይወት ስለሌለ ነው።

በጣልያን ዘመን ለአንድ ፊልም አንሺ አስተርጓሚ ነበርሁ። ጣልያንኛውን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ሰውየው የዝቋላን ተራራ ስለ መውጣት የጀብዱ ፊልም ያነሳ ነበር፤ መንገድ የመራን ደግሞ ጌጡ ነው። ጌጡ የቂርቆስ ሰፈር ሰው፣ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የተቆረጠ፣ ሲራራ ነጋዴዎችን በየአገሩ በመምራት የሚተዳደር ሰው ነበር። ሜዳውን በበቅሎ፣ አቀበቱን በምርኩዝ ወጣ። ጉም በሸፈነን ጊዜ ፊልም አንሺው ተቀምጦ አማተበ፤ ጌጡ ግን ድንጋዩን በምርኩዙ እየነካካ አወጣን። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

በፊልሙ ውስጥ ከዚህ አንዱም የለም።

ከተመለስን በኋላ ፊልም አንሺው ጌጡን በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ የኔ ቢጤዎች ከሚቀመጡበት አጠገብ፣ ከባልደረባው እጅ ፉርኖ ዳቦ ሲቀበል ሊያነሳው ፈለገ። የምስጋና ስጦታ ነው እንድለው አዘዘኝ፤ አልሁት። ጌጡም እንደ ወጉ ኩታውን ከትከሻው ዝቅ አደረገ፤ አንገቱን ሰብሮ በሁለት እጁ ተቀበለ። አሳዳጊ ያልበደለው ሰው በአንድ እጁ አይቀበልም። ባዕድ ሲያየው ያ ጨዋነት ልመና እንደሚመስለው አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር።

ፊልሙ ካዛንቺስ፣ ጣልያኖች አዲስ ቤት በሚሠሩበት ሰፈር፣ በአንድ አዳራሽ ለአገሬው ሰው ታየ። ከመጋረጃው ጎን ቆሜ ትረካውን በአማርኛ የማነበው እኔ ነበርሁ። ጌጡ ተራራውን ሲመራ በፊልሙ ሊያሳያቸው ከለገሃር ሦስት ነጋዴዎች ይዞ መጥቷል፤ ወደ ጅማ ለሚነሳው የሲራራ ነጋዴዎች ቅፍለት መሪ ሊያደርጉት ያስቡ ነበር።

የዳቦው ምስል ሲመጣ፣ "ይህ ጎዶሎ ምስኪን፣ ጀግኖቹ ከተራራው ሲመለሱ፣ ከእጃቸው ጉርሱን ይጠብቃል" ብዬ አነበብሁ። ጣልያንኛው "ሽባ ለማኝ" ብቻ ይላል። ያሳመርሁት እኔ ነኝ። በአዳራሹ አማርኛ የሚሰማ ጣልያን አልነበረም። "መንገድ መሪያችን ጌጡ" ብል ማን ያውቅብኝ ነበር? ሦስት ቃል ነው። አላልሁም።

"ጌጡ፣ አንተ ትመራናለህ ወይስ እኛ አዝለን እንውሰድህ?" አለ አንዱ ነጋዴ። ሰዉ ሳቀ።

"በቅሎህን ጠይቃት፤ ካንተ ይልቅ እሷ መንገድ ታውቃለች" አለው ጌጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "እትዬ፣ እርስዎ አብረውን ነበሩ። እስቲ ይንገሯቸው።"

"እኔ የተጻፈውን ነው የማነበው" አልሁት።

የጻፍሁት እኔ ነኝ። ይህን ያልሁት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አልፈራሁም። በዓረፍተ ነገሬ ማማር ኮርቼ ነበር፤ ለእርሱ ስል ላበላሸው አልፈለግሁም። ከዚህ የረከሰ ምክንያት ታውቃላችሁ?

ቅፍለቱ በሌላ መሪ ሄደ። ወሬው ለገሃርን ሞላው፤ ከዚያ ወዲያ ጌጡን መንገድ ምራን ያለው ነጋዴ የለም። በቅሎውን ሸጠ። በቂርቆስ በኩል ሳልፍ ሰላም እለው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አልመለሰልኝም። ልክ ነበር።

ጣልያን ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ሞተ። ለቀብሩ ሄድሁ። ለቀስተኞቹ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰው እጅ ሲያይ የኖረ ምስኪን ነበር እያሉ ያዝኑለታል። አጠገባቸው ቆሜ ሰማሁ። ያን ጊዜ አዛዥ አልነበረኝም፤ እንጀራዬን የሚነሳኝም አልነበረም። ዝም ብዬ አፈር ሲለብስ አየሁና ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ስለዚህ ዘመኑን አታመካኙልኝ። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም።