አባዬና ሃብቶም ጦራቸውን ያነጻጸሩበት ቀን

በጥር ወር፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ከመቱ ወደ ሁሩሙ የተነሳሁት ሁለት ሰዎችን ለማስታረቅ ነበር። አንዱ የእህቴ የአስቴር ባል ሃብቶም ነው፤ አብሮኝ ተሳፍሯል። ሌላው አባቴ ናቸው፤ ሁሩሙ አጠገብ ባለችው የቡና ማሳቸው ይኖራሉ። የአስቴርና የሃብቶም ልጅ ሜሮን እሁድ ታገባለች። አባዬ ደግሞ "እሱ ካለ እኔ የለሁም" ብለው ልከውብናል።

ነገሩ የቆየ ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ፣ ወላጆቹ ኤርትራውያን ስለሆኑ ሃብቶም ከመቱ ተወስዶ ድንበር እንዲሻገር ተደረገ። ሜሮን ያኔ ገና ዳዴ ትል ነበር። እዚያ በደረሰ በጥቂት ወራት ውስጥ መሣሪያ አስያዙት። አባዬም የቀድሞ ወታደር ስለነበሩ ከዚህ ተጠርተው ዘመቱ፤ ቀኝ እግራቸውን እያነከሱ ተመለሱ። ከሃያ ዓመት በኋላ ድንበሩ ተከፍቶ ስልክ ሲሠራ ሃብቶም ደወለ። ባለፈው ሰኞ ደግሞ ራሱ መጣ።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መቱ መናኸሪያ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ሂሳቡ በሰው ሃያ አምስት ብር ነው። ሃብቶም በመስኮት በኩል ሁሉን ነገር ያያል፤ አዲሱን ፎቅ፣ ባጃጆቹን፣ ሙዝ ሻጮቹን። የሶርን ድልድይ ስንሻገር፣

"ሰኞ ሁሩሙን አልፌ ስመጣ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር" አለኝ። "እንዲያውም ተገላገልኩ። ነቅቼ ቢሆን ወርጄ አባትሽ ዘንድ መሄዴ አይቀርም ነበር።"

"ዛሬ ምን ልትላቸው አስበሃል?"

"ምንም አልያዝኩም። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ስለማመድ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ።"

መንገዱ ግራና ቀኝ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነው። ጫካው በሚከፈትበት ሁሉ በየቤቱ ደጃፍ ላይ ጀንፈል ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ ቀይ የነበረው ቡና ደርቆ ጠቁሯል።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ሁሩሙ

የገበያ ቀን ስለነበር ማር የጫኑ ሰዎች ከየእግር መንገዱ ይወጣሉ። ከአስፋልቱ ወርደን አርባ ደቂቃ ያህል በእግራችን ሄድን። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ አጥራቸው ላይ ሆነው አዩንና "አካም ቡልተን?" ብለው በኦሮምኛ እንዴት እንዳደርን ጠየቁን። ሃብቶም "ነጋ"፣ ሰላም ነው፣ ብሎ በዚያው ቋንቋ ሲመልስላቸው ደነገጡ። ኦሮምኛውን እንዳልረሳ ሲያውቁ ትኩስ ጎደሬ በሳህን ይዘው ተከተሉን።

አባዬ ደጅ ተቀምጠው ጀንፈል ያገላብጡ ነበር። ሃብቶም ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። አላዩትም። እኔን "ይህ ማን ነው?" አሉኝ።

"ሃብቶም ነኝ፣ ጋሼ።"

ተነሥተው ገቡ። በሩን የሚዘጉት መስሎኝ ነበር፤ ግን ደብተር ይዘው ወጡ። ደብተሩን አውቀዋለሁ። ከሬዲዮና ከጋዜጣ የለቀሙትን ሁሉ "እኛ" እና "እነሱ" ብለው በሁለት ረድፍ ይጽፉበታል፤ ታንክ፣ መድፍ፣ አውሮፕላን፣ እግረኛ። ሰላም ወረደ ከተባለም በኋላ አላቆሙም።

"ወታደር ነበርክ አሉ" አሉት። "እስቲ አርመኝ። መድፍ ስንት ነበራችሁ?"

"ጋሼ፣ የመድፉን ቁጥር ለእኔ ማን ይነግረኛል? እኔ የማውቀው የነበርኩበትን ምሽግ ነው። አሥራ አንድ ሰው፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ።"

"የት ግንባር?"

"ቡሬ።"

የአባዬ እጅ ደብተሩ ላይ ቀረ። እሳቸውም የነበሩት ቡሬ ነው።

አዴ ጫልቱ ጎደሬውን እያስቀመጡ "ቡሬ? ይቺ ከጎሬ ወዲያ ያለችው?" አሉ። "እዚያ ደግሞ መቼ ጦርነት ነበር? የወንድሜ ልጅ እኮ እዚያ ነው ያገባው!"

ሃብቶም ሳቁ አመለጠው። አባዬም ፊታቸውን ቢያዞሩም ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

"ያችማ ውሃ ያላት ቡሬ ናት፣ ጫልቱ" አሉ። "የእኛ ቡሬ ወደ አሰብ የሚወስደው በረሃ ነው።"

"የእኛ" ሲሉ እኔም ሃብቶምም ሰምተናል።

ከዚያ ጥያቄው ተለወጠ። አንድ ኮዳ ውሃ ለስንት ሰው ነበር? ለሁለት፣ አለ ሃብቶም። የእኛ ለአንድ ነበር፣ በዚህ እንበልጣችሁ ነበር፣ አሉ አባዬ። ጫማስ? የእኔ ተረከዙ ቀልጦ ነበር፣ አለ። በዚህስ እኩል ነን፣ አሉ። ጎደሬውን በዳጣ እየነከሩ ሲበሉ ደብተሩ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ጠዋት ጠዋት ከእናንተ በኩል የሚያስል ሰው ይሰማን ነበር" አሉ አባዬ።

"እኛ ደግሞ ሬዲዮአችሁን እንሰማ ነበር። አማርኛ ስሰማ አስቴር ጓዳ ያለች ይመስለኝና እግሬ ይነሳ ነበር።"

አባዬ የያዙትን ጎደሬ ሳህኑ ላይ መለሱ። "ተኩሰሃል?" አሉት።

"ተኩሻለሁ።"

"እኔም ተኩሻለሁ። እዚያ መሆኔን ብታውቅስ?"

"ባውቅ ምን እንደማደርግ ዛሬም አላውቅም፣ ጋሼ።"

ጨነቀኝ፤ ለምን አይዋሽም ብዬ በሆዴ ተቆጣሁ። አባዬ ግን በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄን ረስተህ እዚያ ጥሩ ኑሮ የምትኖር ነበር የሚመስለኝ" አሉ። "ሃያ ዓመት እንዲያ ነበር የማስበው።" ከዚያ ተነሥተው እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉና ለእኔ፣ "ኮቴን አውጪልኝ" አሉኝ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ወደ መቱ

ስንመለስ ሦስት ነበርን። አባዬ ሃብቶምን በመስኮት በኩል አስቀምጠው፣ ይህ ጤና ጣቢያ ከሄድክ በኋላ ነው የተሠራው፣ ያ ትምህርት ቤት ደግሞ እንዲህ ነው፣ እያሉ እንደ እንግዳ ያስጎበኙት ነበር።

የሁለት አገር ጦር ሲነጻጸር ሬዲዮም ላይ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ሁልጊዜም አንዱ በልጦ ያበቃል። የጠማቸውን ሰዎች የሚቆጥር ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ሲቆጠር ሰማሁ፤ የቆጠሩትም ራሳቸው የጠማቸው ሰዎች ናቸው። አባዬ ሁሉን ረሱ አልልም። ምሬቱ አለ፤ እግራቸውም አለ። ግን አሁን የሚጠይቁት ሰው አላቸው፤ እሱም እውነቱን ይነግራቸዋል።

ቤት ስንደርስ አስቴር በሩ ላይ ቆማ ነበር። አባቷን ስታይ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሜሮን ከኋላዋ ብቅ ብላ፣

"አባባ፣ እሁድ ይመጣሉ?" አለች።

"መጣሁ እኮ" አሉ አባዬ፣ ደረጃውን ለመውጣት የሃብቶምን ክንድ እየያዙ። "እስከ እሁድ የት ነው የምታስተኙኝ?"