ስም የማይጠየቅበት ግቢ

እማማ ሳሊማ ግትር ናቸው። ይህን ስል እያማኋቸው እንዳይመስላችሁ፤ ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸውም «አንተ ብሪቱ፣ አፍህ ወፍጮ ነው» ብለውኛል። ለሴቱም ለወንዱም «አንተ» ነው የሚሉት። የአፍ መፍቻቸው በርታ ነው፤ አማርኛን የለቀሙት ከገበያ ነው። እኔ ከወለጋ መጥቼ እሳቸው ግቢ ማብሰል ከጀመርኩ ወዲህ ምላሴን ሊያሳጥሩት ያልሞከሩበት ቀን የለም፤ አልቻሉም።

ግቢው አሶሳ መናኸሪያውን አለፍ ብሎ ነው። ሟቹ ባላቸው አብዱልረሂም ነጋዴ ነበሩ። ከሩቅ ገበያ የሚመጡ ነጋዴዎች ማደሪያ እንዳያጡ ብለው ሁለት ረጃጅም የቀርከሃ ቤቶች አሠሩ፤ አንዱን ለወንድ፣ አንዱን ለሴት፣ መሃላቸው የቀርከሃ አጥር። እሳቸው ሲሞቱ ቤቶቹ ለኪራይ ይሆናሉ ሲባል፣ እማማ ሳሊማ መናኸሪያ ላይ ከነልጆቿ ዝናብ ሲወርድባት ላገኟት አንዲት ሴት ከፈቱላት። ከዚያ ወዲህ በሩ ተዘግቶ አያውቅም። ከሱዳን ሸሽቶ ሸርቆሌ መጠለያ ከመድረሱ በፊት ያደረ አለ፤ ከወለጋ ቤቱ ተቃጥሎበት የመጣ አለ፤ እንዲሁ ሥራ ፍለጋ የመጣም አለ። እያደር ነገሩ ከማደሪያነት አለፈ። አመሻሽ ላይ ማንጎው ሥር አማርኛ ለማያውቅ አማርኛ እናስተምራለን። መታወቂያ ለሚያወጣ እማማ ቀበሌ ሄደው ይመሰክሩለታል። ሥራ ለሚፈልግ ደግሞ ገበያው ውስጥ እሳቸው የማያውቁት ሰው የለም። ስንቱ ነው ዛሬ የራሱን ሱቅ ከፍቶ በረመዳን ስኳር ይዞላቸው የሚመጣው!

አንድ ሕግ ግን አላቸው፤ ከአባታቸው የወረሱት ነው። እንግዳ ሦስት ቀን የአላህ ነው። ሦስቱ ቀን እስኪሞላ ስምህ ማነው፣ ከየት መጣህ፣ ምን ደረሰብህ ተብሎ አይጠየቅም። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይተኛል። በሦስተኛው ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ እሳቸው ራሳቸው ምንጣፍ ላይ አስቀምጠውት፣ ከርከዴ እየቀዱለት ይጠይቁታል። «የራበውን ሰው ከጠየቅከው ምግብ በወሬ ሸጥክለት» ይላሉ። ደግ ሕግ ነው፤ አልክድም። እኔም የመጣሁ ጊዜ መከራዬን ድገሚ ሳልባል እንቅልፍ የወሰደኝ እዚህ ነው።

ግን እኛ አገር እንግዳ ሲገባ ወሬው ቀድሞት ነው የሚገባው። ስለዚህ እኔ ማድ ቤት ሽንኩርት እየላጥኩ በኦሮምኛ ቀስ አድርጌ እጠይቅ ነበር። የማን ልጅ ነሽ? ማን ጠፋብሽ? እንዲህ እያልኩ ስንቱን ከዘመዱ አገናኝቻለሁ! አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እማማ ያዙኝ። አንዷን እንግዳ ጠይቄ አስለቅሼያት በር ላይ ቆመው አዩኝ። ጉድ ፈላ! «የእኔ ቤት ፖሊስ ጣቢያ ነው? አፍህን መዝጋት ካልቻልክ ሂድ!» አሉኝ። እኔም ማን ይለመናል ብዬ ሽርጤን ወርውሬ ባምባሲ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። ይጠሩኛል ብዬ ስጠብቅ ዝም አሉኝ። ግትር ናቸው ብያችኋለሁ።

እኔ በኩርፊያ ተቀምጬ ሳለሁ የሆነውን የሰማሁት ከራሳቸው አፍ ነው።

መጀመሪያ አንዲት ሴት መጣች። ልብሷ ጭቃ ለብሷል፣ ዓይኗ ማንንም አያይም። እንደ ሕጉ ምንም ሳትጠየቅ በላች፣ ተኛች። በማግስቱ በወንዶቹ በኩል ወባ የሚያንዘፈዝፈው ወጣት ሰው በሩን ተደግፎ ቆመ። «እማማ፣ አንዲት ሴት…» ብሎ ጀመረ። እማማ ሳሊማ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት። «ውሃ ጠጣ። ወሬ የትም አይሄድ፣ ይደርሳል።» ጨዋ ልጅ ነው፤ ጠጣና ዝም አለ። ትኩሳቱም እዚያው ጣለው።

ሴትየዋ እኔ የሌለሁበትን ማድ ቤት ያዘች። ከአጥሩ ወዲያ በሽተኛ አለ ሲሏት አንጀቷ አልቻለም፤ አጥሚት ሠራችለት። እማማ ይዘውለት ገቡ። አንድ ሁለቴ ፉት አለና ከመደቡ ቀና ብሎ፣ «ይህን ማን ነው የሠራው?» አላቸው። «ዝም ብለህ ጠጣ» አሉት። እንባው ወረደ። እሳቸው የትኩሳት መስሏቸው ፊቱን ጠርገውለት ወጡ።

የሴትየዋ ቀን ሞላ። ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ነገረቻቸው። «ሜቲ እባላለሁ። ቤታችን ሲቃጠል ባሌ እዚያው ነበር። እኔን ሰዎች ጎትተው አወጡኝ፤ አስከሬኑን እንኳ አላየሁም።» እማማ አብረዋት አለቀሱ። ወደ አገሯ መመለስ እንደማትፈልግ፣ ሥራ ካለ የትም እንደምትሄድ ነገረቻቸው። ጠዋት ጉባ ላይ ለግድቡ ሠራተኞች የሚያበስሉ ሴቶችን ይዞ ወደ ማንኩሽ የሚሄድ መኪና ነበር። እማማ ሹፌሩን ለምነው ቦታ አገኙላት፤ ዳቦ ቋጠሩላት፤ በእጃቸው ደግፈው አሳፈሯት። አንድ ሰው ቦታ አስያዝኩ ብለው ደስ ብሏቸው ወደ ቤት ተመለሱ።

የዚያን ዕለት ማታ የበሽተኛው ተራ ነበር። ትኩሳቱ ለቆታል። ከርከዴ እየቀዱለት «እሺ ልጄ፣ አሁን ስምህን ንገረኝ» አሉት።

«ዲሳሳ። ከመጣሁ ጀምሮ ልጠይቅዎት የፈለግሁት ስለ ሚስቴ ነው። ሜቲ ትባላለች። እኔን ሞቷል ብላ ነው የሸሸችው።»

ማንቆርቆሪያው ከእጃቸው ወደቀ።

ከዚያ በኋላማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ወደ ማንኩሽ ቢደውሉ ኔትወርክ የለም። መናኸሪያ ሄደው ሹፌሩን ቢጠይቁ አልተመለሰም። ዲሳሳ በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ ብሎ ሲነሳ ወባው መልሶ ጣለው፤ ሻል ሲለው ደግሞ ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው።

እኔን የጠሩኝ ያኔ ነው። በስልክ «አንተ፣ ና» ብቻ ነበር ያሉኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የልቤን ነግሬያቸው ልወጣላቸው አስቤ ነበር የመጣሁት። ሳያቸው ግን ጉንጫቸው ገብቷል፣ ዓይናቸው ቀልቷል። «አንተ ብትኖር ትጠይቅ ነበር። እኔ ነኝ ያባረርኩህ» አሉኝ። ሽርጤን ከተሰቀለበት አወረድኩና ሥራዬን ያዝኩ። ያን ያህል ቀን ማኩረፌ እኔንም እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ጭቃው ሲደርቅ ዲሳሳ ሄደ። እማማ በግ ገዝተው ማንጎው ሥር አሰሩ፤ ባልና ሚስቱ አብረው ሲገቡ ሊያርዱ። መኪና ባለፈ ቁጥር ሮጠው ወደ በር ይወጣሉ። «ዛሬ ይመጣሉ፣ ኢንሻላህ» ይላሉ። እኔም አሜን እላለሁ። ዲሳሳ ከርሞ ከርሞ መጣ፤ ብቻውን።

ውሃ ጠጥቶ ሲያበቃ ነገረን። ሴቶቹ የሚያበስሉበት ቦታ ተዛውሮ ስለነበር ከካምፕ ካምፕ ሲዞር ቆይቷል። በመጨረሻ አገኛት። ማሽን የሚነዳ አንድ ሰው አግብቷታል፤ ነፍሰ ጡር ናት።

«ስታየኝ መሬት ላይ ቁጭ አለች» አለ። «‹እኔ እኮ ለቅሶህን ተቀምጫለሁ› አለችኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ በሽማግሌ ነው ያገባት። በሆዷ ልጅ አለ። ተነሺ እንሂድ ልበላት?»

እማማ ሳሊማ እግሩ ላይ ወደቁ። እናቱ የሚሆኑ ሴት! «አንዲት ሴት ብለህ ነበር። ከአፍህ ቀማሁህ። የእሷን አጥሚት በእጄ አጠጣሁህ፣ ያ አላህ!» እያሉ አለቀሱ። ዲሳሳ ደግፎ አነሳቸው። «እማማ፣ ታምሜ አስታመሙኝ፣ ርቦኝ አበሉኝ። ምን በደሉኝ?» አላቸው። ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። ስድብ ቢሆን ይመልሱ ነበር፣ ይቀላቸው ነበር። ምሕረት ግን ምን ይመለስለታል?

መሄጃ ስለሌለው ከእኛው ጋር ቀረ። የሚያፈሰውን ጣራ ይከድናል፣ የተሰበረውን መደብ ይጠግናል። ቁርሱን እማማ ራሳቸው ናቸው የሚወስዱለት፤ አስቀምጠው ፊቱን ሳያዩ ይመለሳሉ። በጉም እዚያው ማንጎው ሥር አለ። ለዒድ ይታረድ ብዬ አንድ ጊዜ ባነሳ ተቆጡኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን አላነሳሁም።

የመሃሉን አጥር አስፈረሱት። ሕጉንም ገለበጡት። በር ላይ ወንበር አውጥተው ከጠዋት ጀምሮ ይቀመጣሉ፤ የመጣውን ሁሉ እግሩ ሳይገባ ይይዙታል። ስምህ? የእናትህ ስም? ሚስት አለህ? ማን ጠፋብህ? ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ይንገዳገዳል፣ እሳቸው አይለቁም። «እማማ፣ አሁን ገና ፖሊስ ጣቢያ ሆነ» አልኳቸው፣ ላስቃቸው ብዬ። አልሳቁም። «አንድ ሰው ሳልጠይቅ አሳልፌያለሁ፤ ሁለተኛ አላሳልፍ» አሉኝ።

በቀደም ከንፈሩ በጥም የተሰነጣጠቀ አንድ ሰው መጣ። አማርኛ አይሰማም። እማማ ጣሳውን ሞልተው ይዘዋል፤ ግን አልሰጡትም። «ስምህን! ማን ጠፋብህ? ንገረኝ!» ይላሉ። እሱ ጣሳውን ያያል። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ጣሳውን ይነቀንቃሉ፣ ውሃው ቀሚሳቸው ላይ ይፈስሳል። እኔ ከማድ ቤት ልወጣ ስል ዲሳሳ ቀደመኝ። ከጣራው ላይ ወርዶ መጥቶ ጣሳውን ቀስ አድርጎ ከእጃቸው ወሰደ።

«እማማ፣ መጀመሪያ ውሃ» አላቸው።

ለሰውየው ሰጠው። እየጠጣ ሳለ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ በኦሮምኛ ማን እንደጠፋበት ጠየቀው። ሰውየው ጣሳውን ከአፉ አነሳ።

«ሚስቴ» አለ።

ያቺን አንዲት የኦሮምኛ ቃል እማማ ሳሊማም ያውቋታል፤ በሻሻቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ዲሳሳ ግን ብድግ ብሎ ወደ ሴቶቹ ቤት ዞረ። «ያላችሁ ሁሉ ውጡ!» ብሎ ጮኸ። «አንዳችሁም ሳትቀሩ ውጡ!»