መምህር ይመርና መኪና የማይገባበት መንገድ

መምህር ይመር አሰን ክረምቱ እንደገባ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። በአሮጌው የወግዲ መንገድ ላይ ከብስክሌት ወድቀው፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ ሕይወታቸው አልፏል። የቀብር ሥርዓታቸውም በዚያው ዕለት ተፈጽሟል። ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሐዋ፣ ለልጆቻቸውና ላስተማሯቸው ሁሉ መጽናናትን እመኛለሁ።

ይህን የምጽፈው መርዶውን ከሩቅ ለሰማችሁ ነው። «እንዴት ሞቱ?» እያላችሁ ትደውላላችሁ፤ በየስልኩ የሚነገራችሁ ደግሞ የተለያየ ነው። አንዳንዱ መኪና ገጫቸው ይላል። መኪና አልገጫቸውም። ሊደርስላቸው የመጣው መኪና ነው ያሉበት መድረስ ያልቻለው። ነገሩ እንዲገባችሁ ከመንገዱ ልጀምር።

ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ የሚወስደው መንገድ ሁለት ነው። አዲሱ ሸንተረሩን ይዞ ይሄዳል፤ መኪናው ሁሉ የሚሄደው በዚያ ነው። አሮጌው ግን በገደሉ አፋፍ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ዳገቱን ይወጣል። አዲሱ ሲከፈት አሮጌውን መኪናው ተወው። ሌላው ሰው መንገዱ አበቃለት ሲል መምህር ይመር ብስክሌታቸውን ይዘው ገቡበት። «ጡሩምባ የማይሰማበት መንገድ አገኘሁ» እያሉ ለባልደረቦቻቸው በደስታ ያወሩ እንደነበር አብረዋቸው የሠሩ ነግረውኛል። የስፖርት መምህር ስለነበሩ፣ ከኪራይ የወጡ አሮጌ ብስክሌቶችን እየለመኑና እየጠገኑ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪና መምህር አስከትለው ይወጡ ጀመር። ቅዳሜን የመረጡት ዓርብ ጁምዓ፣ እሑድ ቅዳሴ የሚሄደው እንዳይቀርባቸው ብለው ነው። ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ወግዲ ድረስ ሄደን፣ በገበሬ ቤት አድረን በማግስቱ እንመለስ ነበር።

እኔ መምህር ሆኜ ከደሴ ተመድቤ ስመጣ አገሩን አላውቀውም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጉልበቴን ላሳይ ብዬ ሁሉንም ቀድሜ ፈረጠጥኩ።

«አንተ ልጅ፣ ማን እያባረረህ ነው?» ሲሉ ከኋላዬ ሰማሁ።

«ማንም አላባረረኝም ጋሼ።»

«እንግዲያው ተመለስ። እዚህ ከፊት የሚሄደው የደከመው ነው።»

ደንባቸው ይህ ነበር። የደከመ ሰው ከኋላ ሲሆን ለመድረስ ሲል ይበልጥ ይደክማል፤ ከፊት ሲሆን ግን ሌላው በእሱ አቅም ይሄዳል። በዚያ ቀን ከፊታችን የነበረችው፣ ብስክሌት መንዳት ከጀመረች ገና ጥቂት ሳምንት የሆናት ሠናይት የምትባል ተማሪ ነበረች። እኔ ከኋላዋ ሆኜ በእግር መሄድ ይሻል ነበር እያልኩ ዳገቱን ወጣሁ።

ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበራቸው። የእነዚያ አሮጌ ብስክሌቶች ፍሬን ረጅም ቁልቁለት አይችልም፤ ይግልና መያዝ ይተዋል። ስለዚህ አፋፉ ላይ እንቆምና ሁሉም ቅጠላም ቅርንጫፍ ቆርጦ ከኮርቻው ሥር በገመድ ያስራል። ቅርንጫፉ መሬት እየቧጠጠ ብስክሌቱን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ስንወርድ አቧራችን ለአገር ይታያል።

«ጋሼ ይመር፣ ዛሬም መንገድ ጠራጊዎችዎን ይዘው መጡ?» ይሉ ነበር አረም የሚያርሙ ሴቶች።

«ይዤ መጣሁ፤ የሚቀጥረን ግን አጣን።»

«የእኔን ደጅ ይጥረጉልኝና ቆሎ እሰጣለሁ።»

«ቆሎው በቅድሚያ ከሆነ እንነጋገራለን።»

ከወንዙ ውኃ ቀድተው የሚወጡ ሴቶች ካገኘን ጄሪካኑን ሁሉ በብስክሌቶቹ ላይ እናስርና እስከ መንደሩ እየገፋን እንወጣለን። «ዳገቱን መግፋታችን ካልቀረ ባዶ ለምን እንገፋለን?» ይሉን ነበር። ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ አካፋቸውን በብስክሌቱ ላይ አስረው ብቻቸውን ይወርዱና የውኃ መውረጃውን ቦይ ይጠርጋሉ። ቦዩ ከተደፈነ ጎርፉ መንገዱን ይቆርጠዋል፤ ይህንን ለእኛም ደጋግመው አስተምረውናል።

ከዚያ የጭነት መኪኖች መጡ። በአዲሱ መንገድ ላይ ኬላ ስለነበረ፣ ኬላውን ለመሸሽ የፈለጉ ሾፌሮች በአሮጌው መንገድ መሾለክ ጀመሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሠናይት ከትምህርት ቤት በእግሯ ስትመለስ፣ ከመታጠፊያው የወጣ የጭነት መኪና ገጭቶ ገደላት። ሾፌሩ አልቆመም። አባቷ አቶ አስናቀ ቤታቸው ከመንገዱ መግቢያ አጠገብ ስለሆነ፣ መኪናው ሲያልፍ ደጃቸው ቆመው አይተውታል። ልጃቸውን ገጭቶ እንደመጣ ግን ያን ጊዜ አላወቁም ነበር።

መምህር ይመር ከቀብሯ በኋላ ለብዙ ጊዜ ብስክሌት አልነኩም። በመጨረሻ ወደ ቅሬው ስብሰባ ሄዱ። ለማታውቁት፣ ቅሬ ማለት በእኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት ሙቱን የሚቀብርበት፣ በሽተኛውንም በቃሬዛ የሚያወጣበት ማኅበር ነው። መግቢያው በትልልቅ ድንጋይ ይዘጋ አሉ። ያን ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዓለሚቱ ተነሣች።

«ጋሼ፣ ምጥ የያዛት ሴት ብትኖርስ? አምቡላንስ በየት ይገባል?»

«ቅሬው ትከሻ አለው፣ ልጄ» አሉ። «ቃሬዛ ከድንጋይ በላይ ያልፋል። የጭነት መኪና አያልፍም።»

የተከራከራቸው አልነበረም። የሠናይት ነገር ገና ትኩስ ነበር። ጎልማሶቹ ከገደሉ ሥር ቋጥኝ በዲጅኖ እየፈነቀሉ አምጥተው መግቢያውን ዘጉት። መኪናው ቀረ። ልጆችም እንደ ድሮው በመንገዱ መሐል እየሄዱ ከትምህርት ቤት ይመለሱ ጀመር፤ እኛም ወደ ቅዳሜያችን ተመለስን። ዓለሚቱ ግን ባገኘችኝ ቁጥር «እኔ ልቤ አላረፈም» ትለኝ ነበር።

በዚህ ክረምት፣ ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ጥሎ ባደረ ማግስት፣ መምህር ይመር አካፋቸውን አስረው ወረዱ። ጎርፉ የመንገዱን ጠርዝ ከሥሩ በልቶት ኖሮ፣ ከላይ ደህና የሚመስለው አፈር ከብስክሌታቸው ጋር ይዟቸው ወረደ። ያገኟቸው ለእርሻ የወጡ ሰዎች ናቸው። ደም ከላያቸው ብዙም አይታይም ነበር፤ ጉዳቱ ከውስጥ ነው።

ስልክ ሲደወልልኝ ከዓለሚቱ ጋር በአምቡላንስ ወጣን። ድንጋዮቹ ጋ ደርሰን ቆምን። ሾፌሩ ግራ ቀኝ አየ፤ አንዱ ወገን ገደል፣ ሌላው የዓለት ግድግዳ ነው። ሦስታችን ትከሻችንን ሰጥተን ገፋን፤ ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በኋላ የነበረን ሥራ መጠበቅ ብቻ ነበር። ከታች፣ ከጭጋጉ ውስጥ፣ ቃሬዛ የተሸከሙት ሰዎች ትከሻ ሲቀያየሩ የሚጠራሩት ይሰማናል፤ ሰዎቹ ግን አይታዩም። ጭቃው እግር ይይዛል። ድምፃቸው በጣም ቀስ እያለ ነው የቀረበው።

ሲደርሱ አቶ አስናቀ ከፊት ተሸካሚዎች አንዱ ነበሩ። ቃሬዛውን ለሌላ ሰጥተው «ዲጅኖ አምጡ» አሉ።

መምህር ይመር ዓይናቸውን ገለጡ። «አስናቀ፣ ድንጋዩን ተወው» አሉ። «አሻግሩኝ።»

በድንጋዩ ላይ አሳልፈን አሻገርናቸው። ቃሬዛው ሲያዘነብል አቃሰቱ፤ ወዲያው ግን የተሸከሟቸውን ሰዎች ፊት አይተው «አብሽሩ፣ አይዟችሁ» አሏቸው። አምቡላንሱ ውስጥ እጃቸውን ይዤ ነበር። ከተማው ሳንገባ እጃቸው በእጄ ውስጥ ከበደኝ። ዓለሚቱ የአንገታቸውን ትርታ ፈልጋ አጣችው።

«መኪናው ታች ድረስ ወርዶ ቢሆንስ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ምናልባት» አለችኝ። «እኔም አላውቅም። እንዳልጠየቅከኝ ቁጠረው።»

ከለቅሶው በኋላ ቅሬው ተሰበሰበ። ወጣቶቹ፣ የመጨረሻ ቃላቸው ስለሆነ ድንጋዩ አይነካም አሉ። ዓለሚቱ ይህን ጊዜ «ብያችሁ ነበር» ብትል ማንም ባልፈረደባት ነበር። የተናገሩት አቶ አስናቀ ናቸው።

«ድንጋዩን ያስቀመጥነው በእኔ ልጅ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ እኔ ልናገር። ይመር ተወው ያለው ስለራሱ ነው። ስለሌላ ሰው ሚስት፣ ስለሌላ ሰው ሕፃን ግን አልተናገረም። አንዱ ይነሣና አምቡላንስ ይለፍ።»

«የጭነት መኪናውስ ተመልሶ ቢመጣ?» አላቸው አንዱ።

«ቤቴ እዚያ ነው፤ እኔ አለሁ» አሉ።

ወይዘሮ ሐዋም ተጠየቁ። «እሱ ቢኖር ይቆጣ ነበር» አሉ። «ግን አንሡት።»

ጋሼ ይመር፣ እንግዲህ ይህን ከሌላ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። አንዱን ድንጋይ አንሥተነዋል። በቦታው የባሕር ዛፍ አጣና አግድመናል፤ የሚያነሱትም የሚመልሱትም አቶ አስናቀ ናቸው። ቃልዎን አላከበርንም፤ ቢቆጡን ፍርድዎን እንቀበላለን። እርስዎ ልክ ነበሩ እንዳልል በቃሬዛው ላይ ያቃሰቱት ከጆሮዬ አይወጣም፤ ተሳስተው ነበር እንዳልል ደግሞ ሠናይትን ከፊቴ ሆና ዳገቱን ስትወጣ አያታለሁ።

እስካሁን በአጣናው ሥር አምቡላንስም የጭነት መኪናም አላለፈም። ነገር ግን ከአዲሱ መንገድ የሞተር ድምፅ በነፋስ በመጣ ቁጥር አቶ አስናቀ የያዙትን ጥለው ደጃቸው ይወጣሉ፤ ድምፁ ወደ ወግዲ እስኪርቅ ድረስም እጃቸውን አጣናው ላይ አድርገው ይቆማሉ። እርስዎ የሰጡን ጸጥታ እንዲህ ሆኗል፣ ጋሼ። አላህ ይዘንልዎ፤ አፈሩ ይቅለልዎ። ደህና ይረፉ።