ክርስትናና ዱላ ቅብብል

ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ጎንደር ሩጫ ወደደች፤ እኔም ወደድኩ። የሴት ልጄ ክርስትና በሰማንያ ቀኗ ነውና አይዛወርም፤ የሰፈሮች ዱላ ቅብብልም ለዚያው ቀን ከሰዓት ተቆረጠ። ሁለቱን ላስታርቅ ብዬ ሯጮቹን ሁሉ፣ ተፎካካሪዎቻችንን ጭምር፣ ድግሱ ላይ ጠራሁ። እናቴ «በሞቴ!» እያለች እኛን ዶሮ በላይ በላዩ አጎረሰችን። ተፎካካሪዎቻችን የአዲስ ዓለም ሰፈር ሙስሊሞች ግን የክርስቲያን ሥጋ አይበሉምና ብርዝ ብቻ ጠጥተው፣ መርቀው ተነሡ። ሜዳው ላይ እኔ ዱላውን ይዤ እያገሳሁ ስንፏቀቅ፣ እነሱ ጨርሰው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

ስመለስ እናቴ ተቆጣች። «እናንተ ብትሸነፉ ምን ቸገረኝ! እንግዳ ከቤቴ ጦሙን ወጥቶ ሲያሸንፍ ግን ሰው ምን ይለኛል? በል፣ ራሳቸው የሚያርዱት በግ ውሰድላቸው!»

በነጋታው በግ ይዤ አዲስ ዓለም ወረድኩ። በጉም ቀደመኝ።